ጥለቴን ከሌባ ቀድሞ ለወሰደልኝ ጽሕፈት ቤት

ነሐሴ 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ውበቱ፣
የባለሙያን ፈጠራ ከሌባ የሚጠብቀው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሐይቅ

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ጠንካራ፣ ቤተሰብዎም አማን ይሆን ዘንድ ዱዓ እያደረግኩ፣ እኔ ሸማኔው ዘይኑልአቢዲን ሐሰን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እጄ ሥራ ከመፍታቱ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ገበያው መግቢያ ካለው ዋርካ ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ ፋይል ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩. በግንቦት ወር ፈጠራችንን ከቀማኛ ስለመጠበቅ ሥልጠና ሰጥተውናልና እግዜር ይስጥልኝ። በመጀመሪያው ቀን ምስጢር ለማንም እንደማይነገር አስተማሩን፤ በሁለተኛው ቀን ግን እያንዳንዳችን ምስጢራችንን በጉባኤው ፊት ቆመን እንድናስመዘግብ አዘዙን። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ እኔም ዳቦና ሻዩን አይቼ፣ የጸሐፊዎ እጅ ዘገምተኛ ስለነበረ፣ የጥለት ክሬን በቀይ ቀለም እንዴት እንደምነክር ሦስት ጊዜ ደገምኩለት።

፪. ለባለቤቴ ለዙሌይካ በሠርጋችን ጊዜ ያወጣሁላት፣ ሃያ ዓመት በስሟ ሲጠራ የኖረው፣ የሐይቅም የውጫሌም ገበያተኛ ከሩቅ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቀው ጥለት፣ በመዝገብዎ ላይ "የጽሕፈት ቤቱ ጥለት ቁጥር አራት" ተብሎ ሰፍሮ አገኘሁት። ዙሌይካም ቁጥር አራት መባሏን ከሰማች ወዲህ፣ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እነማን እንደሆኑ እየጠየቀች መግቢያ መውጫ አሳጥታኛለች።

፫. ለልጄ ለሂንድ ኒካህ የጀመርኩትን ነጠላ ተቆጣጣሪዎ ከሽመና ዕቃዬ ላይ ቆርጦ ሲወስድ፣ የጽሕፈት ቤቱን ፈጠራ አስመስሎ መሥራት የሚል ክስም ትቶልኝ ሄዷል። በአገራችን ከራሱ የሰረቀ የመጀመሪያው ሌባ ስላደረጉኝ ክብር ይሰማኛል። ሆኖም ልጄ በጥቅምት ያለ እናቷ ጥለት ልትዳር ነው፤ በዚህስ አልቀልድም።

፬. ስለዚህ ነጠላው ከኒካሁ በፊት እንዲመለስልኝ፣ በመዝገቡም ላይ ቁጥሩ ተሰርዞ የዙሌይካ ስም እንዲገባ፣ አጎንብሼ አመለክታለሁ።

ሌባ እንዳይደርስብን ቀድመው ለደረሱብን ለእርስዎ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከባዶ የሽመና ዕቃ ጋር፣

ዘይኑልአቢዲን ሐሰን
ትናንት ሸማኔ፣ ዛሬ በገዛ ጥለቱ ተከሳሽ

ግልባጭ፦
ለሐይቅ ገበያተኛ በሙሉ

ማስታወሻ፦ ለመስከረም ሁለት በዓል እርስዎና ጓዶችዎ ከካኪያችሁ በላይ የምትደርቡት አርባ ኩታ፣ ጸሐፊዎ በመዘገበው አነካከር ተሠርቶ መዘጋጀቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው ቀን ትምህርትዎ በደንብ ስለገባኝ፣ ቀዩ ቀለም ውኃ ሲነካው እንዳይለቅ የሚያደርገውን የመጨረሻውን ነገር ለጸሐፊዎ አልነገርኩትም። የመስከረምን ዝናብ ያውቁታል። ከአርባው ጋር የልጄንም ነጠላ ዝናብ ላይ ያስጡልኝ፤ ያልለቀቀው የኔ ነው።