ቀይ ገንፎና የአያቴ ቤት

ጁላይ 4

ዝናብ። ከሰዓት በኋላ አያቴ ሄርሉፍ ዘንድ ሄድኩ። ምሳው ጥቁር ዳቦ በጣሳ ዓሣ። ትናንትም እሱው። ሴት አያቴ ኢንገር ከሞተች ወዲህ ምድጃው እንደተዘጋ ሱቅ ነው።

አክስቴ ሊስቤት ከኮፐንሃገን ደወለች። አያቴ ጆሮው ስለማይሰማ ጮኻ ስታወራ መንደሩ ሁሉ ሰማ። "አባዬ፣ ራስህን መመገብ ካቃተህ ቤቱ ይሸጥና አረጋውያን መኖሪያ ትገባለህ። እሁድ ከወንድሜ ጋር መጥተን እንወስናለን።"

"እንኳን ራሴን እናንተንም አበላለሁ! ቀይ ገንፎ በክሬም!"

ዘጋው። ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ... ቀይ ገንፎ እንዴት ነው የሚሠራው?"

ሴት አያቴ በየበጋው ከፍራፍሬ የምትሠራውን ይህን ጣፋጭ ዕድሜ ልኩን ሲበላ የኖረ ሰው!

ጁላይ 5

ከጓሮ እንጆሪና ሌላ ኮምጣጣ ቀይ ፍሬ ለቀምን። (እኔ ለቀምኩ። እሱ አዘዘ።) በትንሽ ውሃ ቀቀልን፣ በወንፊት አጣራን፣ ስኳር ጨመርን። ማወፈሪያውን ነጭ ዱቄት፣ የድንች ስታርች፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን ከተትንና... ይወፍር ብለን አንፈቀፈቅነው። ወፈረ። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ!

"የሊስቤትን ይመስላል" አለ አያቴ።

እውነቱን ነው። አክስቴ በየበጋው የምታመጣው ገንፎ ጥርስ ይነቅላል።

ጁላይ 6

ዛሬ ድስቱን መጀመሪያ ከእሳት አወረድን። ስታርቹን እያማሰልን በቀጭኑ አፈሰስን። መልሰን አላፈላነውም። ለካ ነገሩ ይኼ ነው! ላዩ ቆዳ እንዳያወጣ ስኳር ነሰነስንበት። አያቴ ጦርነት ያሸነፈ ጄኔራል ሆኖ ዋለ።

ጁላይ 7፣ እሁድ

አክስቴ ቀመሰች። "ጥሩ ነው። ራግና ናት የሠራችው፣ አይደል?"

እኔን መሆኗ ነው። እንቁላል እንኳ የማሳርረውን!

የእኔ አባትም ከእህቱ ጋር ተደረበ፦ "አባባ፣ እንዲህ ባታታልለን ጥሩ ነበር..."

አያቴ ከገንፎው ብሶ ቀላ። ሽርጡን አሰረ። "ተከተሉኝ!"

ፊታቸው ሠራ። ስታርቹን አፍስሶ ሳይጨርስ አክስቴ አላስችል አላት፤ ድስቱን ወደ እሳቱ መለሰችው። "መፍላት አለበት እንጂ!"

እጇን በእንጨት ማንኪያ ቸብ! "ሊስቤት! ሙጫ ልታደርጊው ነው? ስንት ዓመት ሙሉ ሙጫ አበላሽን!"

ሳቄን ለመደበቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባሁ ማለት ይቻላል።

ቀዝቀዝ ሲል ቀመሰች። "ልክ እንደ እማዬ" አለች፤ ዓይኗ እርጥብ ብሎ። ቤት ስለመሸጥ የሚያነሳ ጠፋ። አባዬ ሁለት ሳህን በልቶ "እንግዲህ እዚሁ ይሁን" አለ፣ አፉ እንደሞላ። ትልልቅ ሰዎች ትልቅ ነገር የሚወስኑት እንዲህ ነው እንዴ?

ጁላይ 9

አያቴ ብቻውን ሠርቶ ጠበቀኝ። ክሬሙን ራሱ አፈሰሰልኝ። ቀመስኩ። መዋሸት እችል ነበር...

"አያቴ፣ እንደ እሷ አይደለም። የእሷ ይኮመጥጥ ነበር።"

ሳቀ። "በጣም እንጂ! ስኳር ጨምሪ ማለት ፈርቼ ነው የኖርኩት። ዞር ስትል ነበር የምነሰንሰው።"

አሁን የፈለገውን ያህል ይነስንስ። ማን ይቆጣዋል?

ጥቂት በላና ማንኪያውን አስቀመጠ። ጓሮውን አየ።

"ነገ" አለ፣ "ስኳሩን ትንሽ እንቀንስለት።"