ባትሪዬ ሙሉ ነው እያለ የሚጠፋው ካሜራ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለኃይለ ገብርኤል፤

ጤናህን እንዴት ይዞሃል ወንድምዓለም? የዱባይ ሙቀት በረድ አለ ወይ? ባለቤትህ ፅጌ ማርያምስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ኪሩቤል ትምህርቱን ወደደው? አማርኛውን እንዳይረሳ አደራ፤ ባለፈው በስልክ «አክስቴ» ማለት ጠፍቶት «ሴትዮዋ» ሲለኝ ሥቄ አለፍሁት እንጂ ከፍቶኝ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም። እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ካልሁህ ደህና ነኝ፣ አትመርምረኝ።

በስልክ መናገር ሲቻል ምን አስጻፈሽ እንዳትለኝ። ይህ ነገር ተጀምሮ መስመር ሲቆረጥ ግማሹ የሚቀር ዓይነት አይደለም። ጎረቤታችን መሲ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ ጥቁር ቦርሳ ሰጥቻታለሁ። በውስጡ ያለው አንተው የገዛህልኝ ካሜራ ነው። አትደንግጥ፣ ጠልቼው አይደለም። አልበራም ብሎኝ ነው።

የጀመረው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ስከፍተው ይበራል፣ ባትሪዬ ሙሉ ነው ይላል፣ አንድ ሁለት ፎቶ እንዳነሣሁ ድርግም ይላል። መጀመሪያ በመብራቱ አሳበብሁ፤ እዚህ መብራት ሄዶ ሲመለስ አመላለሱን ታውቀዋለህ፣ ቻርጀሩን አቃጥሎት ይሆናል ብዬ ሌላ ተዋስሁ። ባትሪ ቀየርሁ። ባትሪው የሚነካቸውን ብረቶች በላጲስ ጠረግሁ። በኋላ የባትሪውን ክዳን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው እንደሚነቃ ደረስሁበት፤ ክዳኑ ላልቶ ኖሯል። በፕላስተር አስሬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ጣና ዳር ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው ሁሉ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ትንፋሼን ይዤ አነሣ ነበር።

ያዋረደኝ ግን የአንድ ሠርግ የተክሊል ቀን ነው። የአባባ ደቀ መዝሙር የነበሩት አባ ቃለ ሕይወት አክሊሉን በሙሽሪት ራስ ላይ ሲደፉ ካሜራዬ ጠፋ። ጫን አልሁት፣ ባትሪውን ነቀልሁ፣ መልሼ ከተትሁ፤ እስኪነሣ ጸሎቱ አልፏል። ሌላ ቦታ ቢሆን ቀለበቱን እንደገና አጥልቁልኝ ይባላል፤ ተክሊል ግን አይደገምም። ቢሆንም አንድ ጊዜ አንሥተው ይድፉልኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ! የሙሽሪት እናት ዛሬም ገበያ ላይ ስታየኝ መንገድ ታቋርጣለች።

ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ሰው ሁሉ ስልኩ ፎቶ አንሺ በሆነበት ዘመን እኔን የሚፈልጉኝ ለሠርግ ብቻ ነው። ከጥምቀት በኋላ የያዝኋቸው ሠርጎች ካሜራው ካልተነሣ ይቀሩብኛል፤ የጥር ሠርግ ከቀረብኝ ፎቶ ቤቱን መዝጋቴ ነው። እንቅልፍ ያሳጣኝ ይህ ነው።

አዲስ አበባ፣ የኩባንያው ወኪል ነን ወደሚል ጥገና ቤት ላክሁት። የዚያን ድካም በምን ቃል ልንገርህ? ስደውል ሙዚቃ ያሰሙኛል። አንዷ ከውጭ ስለተገዛ ዋስትናው እዚህ አይሠራም ትለኛለች። በሌላ ቀን ሌላው ያነሣና ይሠራል፣ ደረሰኝ ላኪ ይለኛል። የደረሰኙን ፎቶ ስልክለት ደግሞ ሌላ ሰው ተቀብሎ ማን ነሽ ይለኛል። ከስንት ምልልስ በኋላ ፈትተው አዩትና ውኃ ገብቶበታል፣ ውኃ የገባበት ዕቃ በዋስትና አይታይም አሉ። ደሜ ፈላ። ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ካሜራ ይዘን የምንዋኝ መሰላችሁ ወይ ብዬ ጮህሁ። ጠብታ ውኃ አልነካውም ብዬ በኪዳነ ምሕረት ማልሁ።

ባለሙያው ሳይቆጣ፣ የፈታውን አንሥቶ በቴሌግራም ላከልኝ። የባትሪው ማስቀመጫ፣ ሳይፈታ የማይታየው ውስጠኛው ጥግ ዝጓል። ዝገቱ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። እሱ ምን እንደሆነ አላወቀውም፤ እኔ ግን ገና ሳየው አወቅሁት። እማዬ ከገዳም የምታመጣው፣ ልጅ ሆነን ትኩሳት ሲይዘን በጠበል በጥብጣ ግንባራችንን የምትቀባን እምነት ነው። የመሐላዬን ነገር እንግዲህ ለንስሐ አባቴ ትቼዋለሁ።

ለእማዬ ላልነግራት ወስኜ ነበር። ከሥራ በገባሁ ቁጥር ካሜራው ተሻለው ወይ ትለኛለች፣ ገና ነው እላታለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አልቻልሁም። ካሜራ እኮ ሰው አይደለም፣ እንጀራዬን ገደልሽብኝ ብዬ ጮህሁባት። በእናቴ ላይ።

ምስር እየለቀመች ነበር። ቀናም ሳትል፣ ብረት በጠበል እንደማይድን መቼ ጠፍቶኝ አለችኝ። የታመምሽውስ አንቺ ነሽ አለች። አባትሽ ካረፉ ወዲህ አትበዪ፣ አትተኚ፤ ጠበል እንሂድ ስልሽ ሥራ አለብኝ ትያለሽ፤ ልቀባሽ ስጠጋ ራስሽን ትነጥቂኛለሽ፤ ከእጅሽ ከማይለየው ነገር ላይ ባደርገው በእጅሽ በኩል ይደርስሻል ብዬ ነው አለችኝ። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን የቀባችው፣ ውጩንማ ስጠርገው ስለምታየኝ ነው።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አባባ ሲያርፉ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ሳላለቅስ የቀረሁትን ሁሉ ያን ዕለት አለቀስሁት። ደክሞኛል ወንድምዓለም። ከካሜራው በፊትም ደክሞኝ ነበር።

አሁን የምለምንህ፣ ደረሰኙና የዋስትናው ወረቀት ዋናው አንተ ዘንድ ስለሆነ፣ እዚያ ወዳለው ወደ ራሱ ወደ ኩባንያው ጥገና ማዕከል እንድትወስድልኝ ነው። የክዳኑ መላላት የእነሱ ጥፋት ነው፤ ውኃው ግን የእኛ ነው። ከየት ገባ ካሉህ እናታችን ጨመረችው በላቸው። ከፈለጉ ይሣቁ። አይሆንም ካሉህም አትሟገታቸው፣ የእኔው ሙግት ለሁለታችን ይበቃል። ለጊዜው ከጥር ሠርጎች ሁለቱን ለቢያዝን ሰጥቼዋለሁ፤ ያ ሐይቅ ዳር አብሮኝ የሚሠራው ነው፤ እሱ ያነሣል፣ እኔ መብራት እይዝለታለሁ። ፎቶ ቤቱን እስከ ጥምቀት አልዘጋውም። ነገ ቅዳሜ ግን ቆልፌው ከእማዬ ጋር በጀልባ ጠበል እሄዳለሁ።

ፅጌ ማርያምን ሳምልኝ፣ ወገብሽን ሙቅ አድርጊው ብላለች በላት። ኪሩቤልን ከዚያች ሴትዮ ሰላምታ ደርሶሃል በለው። አባ ቃለ ሕይወት፣ ኃይለ ገብርኤልን በጸሎት አልረሳውም ብለዋል። የእማዬ ሰላምታ ብዙ ነው። በስልክ ድምፅህን ሰምታ፣ ልጄ ደክሞታል፣ ደህና ነኝ እያለ ይሸሽገኛል ትላለች። ከካሜራው ለይቼ በላስቲክ የጠቀለልሁት ጠርሙስ ያንተ ነው። እንደኔ ሥራ አለብኝ አትበላት፤ ጠጣው።

እህትህ ዜማ
ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.