ከተዘጋው ትምህርት ቤት ማዶ ስለተከፈተው

ለክቡር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ወንበርዎስ ደኅና ነው? እኛ «ለጥቂት ጊዜ» ብለው ትምህርት ቤቱን ከዘጉት ወዲህ እጅግ ደኅና ነን። ወረርሽኙ አልፎ ገበያው፣ መጠጥ ቤቱና የእርስዎ የስብሰባ አዳራሽ ሲከፈቱ የልጆቹ በር ብቻ ተረስቶ ቢቀርም፣ ሥራ የበዛበት ሰው ይረሳልና አልተቀየምንም።

እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እየሰፋሁ የአሥር ዓመት ልጄን ብቻዬን የማሳድግ ሴት ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። ድሮ በዕረፍት ሰዓት የልጆቹ ጫጫታ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ይውጠው ነበር፤ ዛሬ የመርፌዋን ምት አንድ በአንድ እሰማለሁ። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቿ ናፍቀዋት አጥሩን ይዛ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ግን ተወችው። እኔም ሞኟ፣ ተጽናናች ብዬ ደስ አለኝ።

፪ኛ፦ «የልጆችዎን ስሜት ያድምጡ» ስለሚለው ባለ ቀለም ወረቀትዎ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ ስለማቀረቅር ልጄ ስሜቷን የምትነግረው ለጀርባዬ ነው፤ ጀርባ ደግሞ እንደሚያውቁት መልስ አይሰጥም።

፫ኛ፦ እርስዎ የዘጉትን ሌላ ሰው ከፍቶልናል። ከመንገዱ ማዶ፣ ተጀምሮ በቀረው ሕንፃ ምድር ቤት አንድ ሰው ገብቶ ተቀምጧል። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ግን ቁርበቱን ያነጠፍንለት እኛው ነን። ሰውየው ልጆቹን ሳይሰለች ያዳምጣል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ጨለማ እንደሚፈራ ያውቃል። ለእያንዳንዳቸውም አዲስ ስም አውጥቶላቸዋል። ልጄን እኔ ባወጣሁላት ስም ስጠራት ዞር አትልም፤ እሱ በአዲሱ ስሟ ከማዶ ሲጣራ ግን ማንኪያዋን ጥላ ትነሣለች።

፬ኛ፦ ሄጄ አነጋገርኩት። ብድግ ብሎ በአክብሮት ተቀበለኝ። የደንብ ልብሳቸውን የሰፋሁላቸው ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ አንዱም ሰላም አላለኝም። ምን እንደሚያስተምራቸው ብጠይቀው፣ ገና ምንም እንዳልጀመረ፣ ለጊዜው እንዲለምዱት ብቻ እንደሚፈልግ በትሕትና አስረዳኝ። ለፖሊስ ባመለክት ልጅ ማጫወት ወንጀል አይደለም ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ሰውየው የጎረቤቴን የሹፌሩን ልጅ ለመልእክት ላካት፤ በማግስቱ ተመለሰች፤ የት እንዳደረች ግን ለእናቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ቀጥላ የምትላከው የእኔ ልጅ ናት አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ፈርቻለሁ። በመማሪያ ክፍሎቹ ውስጥ የቆለሏቸው የስብሰባ ወንበሮች ሌላ መጠለያ አያጡም፤ ልጄ ግን ሌላ መሄጃ አጥታለች። በሩን ይክፈቱልን።

ለትዕግሥትዎ፣ ለዝምታዎና ለተቆለፈው በርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

አክባሪዎ፣ ከአጥሩ ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን የሚገልጸውን ደብዳቤ ሲጽፉ ለሰውየውም ግልባጭ ማድረግ አይርሱ፤ ትምህርት ቤቱ ቢከፈት ትሄድ እንደሆነ ልጄን ትናንት ብጠይቃት፣ ጋሼ ከፈቀደልኝ ብላኛለች።