አጃውን አትንፊው!

ተሬ እህቴ፣

ሰልፉ መንገዱን ሳይዘጋው ሱሉልታ እየበረርኩ ነው! የአባዬ የኮሌስትሮል መድኃኒት አልቋል፣ እዚህ ቡራዩ ደግሞ በሰልፉ ምክንያት ፋርማሲው ሁሉ ዝግ ነው።

እስክመጣ የአጃ ሙቁን ስሪለት።
ግን በናትሽ ዱቄቱን አትንፊው!! ነርሷ ኮሌስትሮል የሚያወርደው ፉርሽካው ውስጥ ያለው፣ ሲበስል የሚዝለገለገው ቃጫ ነው ብላለች። አንቺ "ለአባት ፉርሽካ አይቀርብም፣ ነውር ነው" እያልሽ ሁለት ወር ሙሉ ነፋሽው። ከላዩ ደግሞ ቅቤ! ፉርሽካውን የበሉት ዶሮዎችሽ ግን ጤነኛ ናቸው፣ እንኳን ደስ አለሽ።

ትናንት "እየገደልሽው ነው" ያልኩሽ...
እሺ፣ ተይው።

ጠዋት ያልተነፋውን ሠርቼ ሰጠሁት። ቀምሶ "ይሄ የከብት ነው፣ ተረፈች ትሥራልኝ" ብሎ ገፋው።
የኔን አይነካም። ካንቺ እጅ ግን እሬትም ቢሆን ይጠጣል።
ስጪው።

ላሊሴ