ለዶሮዎቹ የተፈቀደ ጨለማ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ከዶሮ እርባታው የሌሊት ፈረቃ ቤት ገባሁ። እጄ እንቁላል እንቁላል ይሸታል። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት... ወይ ፍንክች። ሌሊቱን ሙሉ እንቁላል ወደ አምፖል እያስጠጉ ማየት። የተሰነጠቀ ወዲህ፣ ደም ያለበት ወዲያ። አንዱ የገማ እጄ ላይ ፈነዳ። ሽታው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል።

ባሌ ቁርስ አቀረበ። እንቁላል! ሰውዬው ምን ነካው?

"ምን ላድርግ፣ በነጻ ይዘሽ የምትመጪው እሱን ነው" አለ።

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ልጄ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጣቶቿ እየተራመደች ወጣች። አባቷ ሲያስል "እሽሽ" ስትለው ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አልተኛሁም። ፀሐይ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ ገብታ ዓይኔን ትወጋኛለች። ጎረቤት ምስማር ይመታል። በዚህ ሰፈር የማያልቅ ምስማር! ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ እኔን ትንሽ ሸለብ ካደረገኝ የማየው እንቁላል ነው። አስኳሉ ዓይን ሆኖ ያፈጥብኛል። ቱ!

ሆዴም ተገላብጧል። ቀን እህል ሳይ ያቅለሸልሸኛል፣ ሌሊት እንደ ጅብ ያገኘሁትን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የቀን ፈረቃ። ያኔ ሌሊቱን ዓይኔን አፍጥጬ ጣሪያ ስቆጥር አድራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የውሃ ጥሙ አልቆም ሲለኝ ከሥራ መልስ ክሊኒክ ሄድኩ። ስኳር አለብሽ ተባልኩ። እናቴን እግሯን ያሳጣት ስኳር። እኔን ደግሞ ምኔን ሊወስድ?

"እህቴ፣ ሰውነትሽ የራሱ ሰዓት አለው" አለች ሐኪሟ። "ቀንና ሌሊቱን በብርሃን ነው የሚለየው። አንቺ በየሳምንቱ ስትገለብጪበት ግራ ይገባዋል። የበላሽውን እንኳ በወጉ አያቃጥልም።"

"እና ምን ይሻለኛል?"

"ክኒኑን ዋጪ። ሌሊት ደግሞ ተኚ። በዚሁ ከቀጠለ ወደ መርፌ መሄዳችን ነው።"

ሌሊት ተኚ... ይህን ለአውራው ንገሪያ! የእርባታውን ባለቤት ማለቴ ነው። ደረቱን ነፍቶ በዶሮዎቹ መሃል ሲንጎማለል አይተን ነው ስሙን ያወጣንለት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዶሮዎቹም እንደ እኔ ሆነዋል። አውራው ብዙ እንዲጥሉለት ሌሊትም መብራት አይጥፋባቸው ካለ ወዲህ አብደዋል። አንዷ የሌላዋን ቂጥ እየነቆረች አንጀቷን ትጎትታለች። ዛሬ ሬሳ ሲለቀም አየሁና ምሳዬን መለስኩ።

የዶሮ ሐኪም ተጠራ። "ጌታዬ፣ ጨለማ ካላገኙ ያልቁብዎታል። በየሌሊቱ ለስምንት ሰዓት መብራት ይጥፋ።"

"ከዛሬ ጀምሮ" አለ አውራው። አንዲት ቃል አልተከራከረም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ቢሮው ገባሁ። "ጋሼ፣ ቀን ብቻ ያሠሩኝ። ስኳር አለብሽ ተብያለሁ።"

"ሁሉም በየተራው ነው የሚሠራው።"

"ለዶሮዎቹ እንኳ ጨለማ ፈቅደውላቸው የለ?"

"አንቺም እንቁላል ጣይና እፈቅድልሻለሁ።"

ጸሐፊዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ? ከእሱ ንግግር ይልቅ የራሴ ሳቅ ነው ያስጠላኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ልጄ በምልክት ውሃ ጠየቀችኝ። ነቅቼ፣ ቁጭ ብዬ እያየኋት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ተባረርኩ።

ማታ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁ። የዶሮዎቹ ቤት ጨልሟል። ገባሁ። ለአፍታ ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ መኖ ጆንያ ላይ ጋደም አልኩ። የኩሱ ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል፤ ግን ጭጭ ብለዋል፣ ሁሉም። እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ሲነጋ አውራው በጫማው ጎሸም ሲያደርገኝ ነቃሁ። ፀጉሬ ላይ ኩስ ደርቋል።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እንቁላል እየጣልኩ ነው ጋሼ።"

ማንም አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ ቀን ቀን። እጄ ተላልጧል፤ የሰው እድፍም ከገማ እንቁላል ብዙ አይሻልም። ግን ማታ እተኛለሁ። ስኳሩ ትንሽ ወርዷል። ሐኪሟ "መርፌው ለጊዜው ይቆይ" አለች። ለጊዜው። እንቁላል አሁንም ዓይኑን ማየት አልፈልግም።

ዛሬ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረድኩት። ጀርባው ሻግቷል። ያን ሁሉ ጊዜ ያንን ስተነፍስ ኖሬያለሁ። ወርውሬው ስመለስ ልጄ በሩ ላይ ቆማለች።

"እማ፣ ነቅተሻል?" አለች በሹክሹክታ።

"ቀን እኮ ነው። ጮክ በይ።"

"እማ" አለች፣ ያው በሹክሹክታ።

"ጮክ በይ እንጂ የኔ ልጅ።"

አፏን ከፈተች። መስኮቱን አየች፣ አልጋውን አየች... ድምፅ የለም። ከተወለደች ጀምሮ አፏን ስናሲዛት ኖረን፣ ዛሬ ከየት ታምጣው?

እኔው ቀድሜ ጮህኩ። እየዬ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ እንደ እብድ። ጎረቤት መዶሻውን አቆመ።

ከዚያ እሷ ሞከረች።