መሪዋ መሃል ላይ የሆነችው መኪና

ውድ ወንድምዓለም፣

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋህብኝ ወዲህ ስንት ጊዜ ልደውል ብድግ ብዬ ተውኩት። በስልክ አንተን ማን ይችልሃል? ገና አፌን ስከፍት ነገሩን ራስህ ትጨርስልኛለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። ብትናደድ እንኳ መጨረሻውን ሳታይ እንደማትቀደው አውቃለሁ፤ አንድ ጡት ነው የጠባነው። ስለዚህ ተቀመጥና አንብብ። የምነግርህ ነገር እውነት ነው፤ ደግሞም ደስ ይልሃል።

ስለ እንቁላሏ ነው።

አባባን በቀበርን ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ቆመህ «አባቴ ከባዶ ቆርቆሮ በገዛ እጁ መኪና የሠራ ሰው ነው» ስትል እኔም አብሬህ አለቀስኩ። ያኔ እኔም የማምነው ያንኑ ነበር። ጋራዡ ጥግ ሸራ ለብሳ የኖረችው ያቺ «እንቁላሏ» የምንላት ድብልብል መኪና የአባባ ሥራ መሆኗን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። የሰው መኪና ሲያቃና ይውልና ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ሸራውን ገለጥ አድርጎ እሷን ይወለውላል። መሪዋ መሃል ላይ ነው። አባባ መሃል፣ አንተ በቀኙ፣ እኔ በግራው እየተቀመጥን በምናባችን ስንት አገር ዞርን! ከበር ግን አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። ለምን ስንለው ዛሬ ጎማ ይቀራታል፣ ነገ ደግሞ ዘይት ይቀራታል ይለናል።

አንተ ባንክ ቤት ስትገባ መዶሻውን እኔ ወረስኩ። እኔም እንደ እሱ የመኪና ገላ የማቃና ባትላሜራ ነኝና ቆርቆሮ ሲያወራ እሰማለሁ። ዝናቡ በርትቶ የጋራዡ ጣሪያ ሲያፈስ፣ ውሃ እንዳይገባባት ብዬ ሸራዋን አንስቼ ወደ ብርሃን ገፋኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልጁ ሳይሆን እንደ ባለሙያ አየኋት።

ገላዋ በሙሉ አሉሚኒየም ነው። ያባባን የመዶሻ ምት ደግሞ በጨለማ ዳብሼ እለየዋለሁ፤ ጎማዎቹን በሚሸፍኑት ፓራፋንጎዎች ላይ አገኘሁት፣ በኮፈኑ ላይ ግን የሌላ ሰው እጅ ነበር። ወደ ኋላ የሚንሸራተቱት በሮቿ እጀታቸው በቅርጽ ማውጫ ተፈስሶ የወጣ ነው። ለአንዲት መኪና ብሎ ቅርጽ ማውጫ የሚያሠራ ባትላሜራ የትም የለም። የፊት መስታወቷም ለእሷ ተብሎ እንዲጎብጥ የተሠራ ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ጓዳ ሥራ ሊሆን አይችልም። ፋብሪካ ነው የሠራት አልኩ፤ ለአንተም ደውዬ ይህንኑ ነገርኩህ።

«አባባን ከሞተ በኋላ ውሸታም ልታደርጊው ነው?» አልከኝና ዘጋህ።

ወንድሜ፣ አባባ እኮ «እኔ ሠራኋት» ብሎ አያውቅም። እስኪ መለስ ብለህ አስታውስ። መጀመሪያ የጠየቅከው አንተ ነህ፤ እኔ ጭኑ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንደበቱ ያዝ ያደርገው የለ? «እ... እኔ...» ብሎ ሲንተባተብ፣ አንተ እንደ ልማዳችን ቀደም ብለህ «ነኝ የሠራኋት!» ብለህ ጨረስክለት። ሳቀና ራስህን ዳበሰህ። ምናልባት ሊል የነበረው «እኔ አይደለሁም» ነው። እኛ ቤት የአባባን ዓረፍተ ነገር አባባ ጨርሶት ያውቃል እንዴ?

አንተ ስትቆጣ እኔ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። ፎቶ አንስቼ ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ላክሁ። መልሱ እንደ ጉድ ጎረፈ። አንዱ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ናት አለ፤ ሌላው የአይስክሬም መሸጫ ናት ብሎ ማለ። ማኅበርተኞቹ «ዳኛው» የሚሏቸው ጡረተኛ ግን ቀልዱን ትተው ሥራውን ያዙት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሞተርሳይክል ሞተር ነው፤ ብለው እያነጻጸሩ የሚታወቁትን መኪናዎች ሁሉ አንድ በአንድ ጣሉ። ካልተመረቱት መሃል መፈለግ አለብን አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ውስጥ ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኪና እንሠራለን የሚሉ ትንንሽ ፋብሪካዎች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። አብዛኞቹ አንዲት የሙከራ መኪና ሠርተው ከሰሩ።

በመጨረሻ ዳኛው የአንድ አውደ ርዕይ ፎቶግራፍ አገኙ። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ከበው ቆመዋል፤ በመሃላቸው የሚታየው ግማሽ በርና አንድ መብራት ብቻ ነው። በሩ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ በክፍተቱ መሪው ይታያል፤ መሃል ላይ። ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ። ከመኪናዋ አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። የመኪናዋን ንድፍ ያወጣችው ነዳፊዋ እሷ ነበረች፤ ዳኛው ደግሞ ሴትዮዋ ዛሬም በሕይወት እንዳሉ ደረሱበት።

ሴትዮዋ በልጅ ልጃቸው መኪና ድንበር ተሻግረው ጋራዡ ድረስ መጡ። በጣም አርጅተዋል፤ ከዘራቸውን ግን የሚጠቀሙበት ሰው ከመንገዳቸው ለማስነሳት ነው። እንቁላሏን እንዳዩ ወደ መሪው ተጠግተው፣ ዓይናቸው እኔ ላይ እንዳለ፣ እጃቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር ሰደዱና ያቺን ትንሽ መንጠቆ ያዟት። ለእማማ ቦርሳ ብሎ አባባ ያበጃት የሚመስለንን መንጠቆ። ሴትም ትነዳለች፣ ቦርሳዋን የት ታድርግ ብለው የነደፉት እሳቸው ናቸው፤ አለቃቸው ስቆባቸው ነበር።

ከዚያ ተቀምጠው ታሪኩን ነገሩኝ። ፋብሪካው ሲከስር፣ መኪናዋ ተቆራርጣ ብረቷ ይሸጥ ተብሎ ታዘዘ። ቆርጦ እንዲጥላት የታዘዘውም ገላዋን ከቀጠቀጡት መሃል አንድ ወጣት ባትላሜራ ነበር። እሳቸው ማየት አልቻሉም፤ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። በማግስቱ ደጅ ላይ የተቆራረጠ አሉሚኒየም ተከምሮ አዩና እርማቸውን አወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞታለች ብለው ኖሩ። ለካ ክምሩ ልጁ በእሷ ቦታ የቆለለው፣ ለሙከራ የተቀጠቀጠና የተበላሸ ቁራጭ ነው።

«አባትሽ ሲናገር ይንተባተብ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

አሁን ገባህ? ጎማም ዘይትም አልነበረም የጎደላት። አባባ እንዲያጠፋት የታዘዘውን ነገር ሸሽጎ፣ ድንበር አሻግሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጠበቃት። መንገድ ላይ ቢያወጣት አንድ ሰው ይለያት ይሆናል ብሎ ፈራ። ለእኛም ቢሆን እውነቱን መንገር ማለት ሁለት ወሬኛ ልጆችን ጎዳና ላይ መልቀቅ ነበር። ዝም አለ፤ እኛም ዝምታውን በፈለግነው ሞላነው።

ለሴትዮዋ ስለ ጠባችን ነገርኳቸው። እውነቷን አግኝቼ ወንድሜን አጣሁ አልኳቸው። ከዘራቸውን አስደግፈው ጥቂት አሰቡና፣ «ተሳስተሃል አትበይው። እኔ ነደፍኳት እንጂ ስትሞት እንኳ አጠገቧ አልቆምኩም። ከእኔ ይልቅ የአባታችሁ ናት» አሉ።

እንግዲህ አልተሳሳትክም ወንድምዓለም። እኔም አልተሳሳትኩም፤ ይህን ደግሞ ሳልናገር አላልፍም፣ ታውቀኛለህ።

ማኅበሩ ለሰው እናሳያት ብሏል፤ እሺ ብያለሁ። ሞተሯን ከፍቼ እያጸዳሁ ነው፤ እንደምትነሳም አልጠራጠርም። ከፊቷ በሚቆመው ሰሌዳ ላይ የነዳፊዋ ስምና ያባባ ስም እኩል ይጻፋል። አንተን አላማከርኩም፤ እምቢ እንደማትል ስለማውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልነካ አስቀምጬልሃለሁ። ሴትዮዋ ሊሄዱ ሲነሱ፣ አባባ ፋብሪካው ውስጥ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ በመዶሻው ምት እየዘፈነ እንደነበር ነገሩኝ። ሲዘፍን አይንተባተብም ነበር አሉ፤ ቃሉ እንደ ውሃ ይወርድለት ነበር። አባባ! እኛ ፉጨቱን እንኳ ሰምተን የማናውቀው ሰውዬ! ዘፈኑን ከነግጥሙ ያስታውሱታል። ሊያሰሙኝ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እጃቸውን ያዝኩና፣ «እባክዎ ይቆዩኝ፣ ወንድሜ ሳይመጣ አልሰማም» አልኳቸው።

እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል። ቶሎ ና።

የምትወድህ እህትህ