የቲቸር ቫሳንታ ጉልበት

ጥቅምት 9 ቀን 2011

ከጤና ጣቢያ ወጥቼ ቀጥታ ቲቸር ቫሳንታ ቤት። ዝናብ ነበር፣ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። የህንድ ዳንስ፣ አምቦ ውስጥ… ማን ያምናል? መጀመሪያ ሳሎኗ አይበቃንም ነበር። ዛሬ እኔ ብቻ። አብራኝ የምትማረው ጊፍቲም ቀረች። ቸርች «የጣዖት ጭፈራ ነው» ብለዋታል መሰለኝ።

ጉልበት ወደ ውጭ አጥፎ ግማሽ መቀመጥ። ጭኔ ነደደ። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ጣውላውን በዱላ ትመታለች፣ እኔ በምቱ እረግጣለሁ። «ለንሳ፣ እግር ተኝቷል» ትለኛለች በዚያ አማርኛዋ።

ከመጀመሬ በፊት እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብዬ መሬቱን ነካሁ። «ልትረግጪው ነው፣ ቀድመሽ ይቅርታ በይው» ነው የምትለው። እንግዲህ ጣዖት የተባለው ይኼ ነው።

ታኅሣሥ 2

የባሏ ኮንትራት ሰኔ ላይ ያልቃል። እሱ ኮሌጅ ያስተምራል፣ እሷ እሱን ተከትላ ስንት አገር ዞረች። ግድግዳው ላይ የልጅነት ፎቶዋ አለ፣ ትልቅ መድረክ ላይ። በሄደችበት ሁሉ አስተምራለች። ግን ወይ ተማሪው ያቋርጣል፣ ወይ እነሱ ይለቃሉ። አንድም ሰው መድረክ አላደረሰችም። እነሱ ዘንድ አስተማሪ የሚባለው፣ ተማሪው ብቻውን ሰው ፊት ሲወጣ ነው አለችኝ።

«አንቺ ብቻ ቀረሽ።»

እሺ አልኳት።

የካቲት 17

መድረክ ላይ ልደንስ እንደሆነ ለአባባ ነገርኩት። የቸርች ሽማግሌ ነው፣ ምን እንደሚል አውቀው ነበር። እራት ላይ እንዲህ አለኝ፣ «ደንሺ። እኔም እመጣለሁ። ግን ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለመሬት እንዳትሰግጂ። ቃል ግቢልኝ።»

ስግደት አይደለም ብዬ ላስረዳው ፈለግኩ። ግን ቃል ገባሁ።

የካቲት 19

ለቲቸር ነገርኳት። ዱላውን አስቀመጠች። ከልጅነቷ ጀምሮ መሬቱን ሳትነካ ደንሳ አታውቅም። «አባት ነው። ቃል ጠብቂ» አለች። ተቀየመችኝ ይሆን?

ሚያዝያ 26

መድረክ የምወጣበት ቀን ዛሬ ነበር።

አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። ከባኮ የመጣ አንድ የህንድ ቤተሰብ፣ ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ። አባባ ከፊት፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ። የእግር ቃጭሌን አስሬ ወጣሁ። ቆምኩ። ቲቸር ዱላውን አላነሳችም።

ተነሳች። እግሯን እየጎተተች አጠገቤ መጣችና ተንበረከከች። ነርስ ነኝ፣ ያ ጉልበት እንዳለቀለት አውቃለሁ። ደረጃ እንኳ አትወጣም። በሁለት እጇ መሬቱን ነካች። የኔን ይቅርታ እሷ ጠየቀችልኝ።

መነሳት አቃታት። እኔ ደርቄ ቀረሁ… አባባ ነው መድረኩ ላይ ወጥቶ በብብቷ ደግፎ ያነሳት። «አይዞዎት፣ ቀስ ይበሉ።» ወንበሯ ድረስ ወሰዳት።

ደነስኩ። እንዴት እንደደነስኩ አላውቅም። ሲያልቅ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ሰኔ 23

ሄዱ። ዱላዋንና ጣውላውን ለኔ ተወችልኝ። «አዲስ ጉልበት አሠርቼ እመጣለሁ» አለች። ሁለታችንም እንደማትመጣ እናውቃለን።

ጥቅምት 28 ቀን 2012

ባሏ ደወለ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልነቃችም። እንግሊዝኛው ጠፋኝ። «ሶሪ፣ ሶሪ» ብቻ።

ኅዳር 1

ሥራ አልሄድኩም። አባባ ክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ያን ቀን መሬቱን ምን ነበር ያለችው?»

«ይቅርታ። ልንረግጠው ስለሆነ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«አልጠየቅኩሽም እኮ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ምንጣፉን ጠቀለልኩ። ቃጭሌን አሰርኩ። ማን ይመታልኛል? ቆሜ ሳለ አባባ ወንበር ስቦ ጣውላው ፊት ተቀመጠ። ምቱን አያውቅም። ዱላውን አነሳ።

«መጀመሪያ ይቅርታሽን ጠይቂ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ መሬቱን ነካሁ። ምቱን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ቀና ስል አባባ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኗል።